ድሬ ዳዋ ወይም ሐረር ሆኖ የዓለም አቀፍ ሕግ ጥናት እንዴት ይሠራል?

የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚመረጥበት ወቅት በደረሰ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፦ «መምህር፣ ዓለም አቀፍ ሕግ እወዳለሁ፤ ግን እዚህ ሆኜ ምን ማጥናት እችላለሁ? ኤምባሲው አዲስ አበባ፣ ፍርድ ቤቱ ዘ ሄግ ነው።» ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ጎበዝ አንባቢዎች ናቸው። መልስ ሲያጡ ግን ሌላው ሁሉ ወደሚሄድበት ርእስ ይሄዳሉ፤ ይህ ያሳዝነኛል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ በቃል የምነግረውን እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። የተጻፈው ለአራተኛና ለአምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪዎች ነው፤ ተማሪ ለሚያማክሩ መምህራንም መጨረሻው ላይ ጥቂት ነገር አለ።

ዓመተ ምሕረቶቹ ሌላ ነገር ካልተጠቀሰ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአዋጅ ቁጥሮች ግን ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛ እንደሚያትማቸው በኢትዮጵያ ዘመን ተጽፈዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሕገ መንግሥቱ። አንቀጽ 9፣ 13 እና 55 ላይ ምልክት አድርጉ።
- የዓለም አቀፍ ስምምነቶችን አዋዋልና አጸዳደቅ ሥነ ሥርዓት የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1024/2009።
- የምታጠኑት ስምምነት ሙሉ ቃል፣ በወረቀት የታተመ። ኅዳጉ ላይ እየጻፋችሁ ካላነበባችሁት ስምምነት በውስጡ ያለውን አይሰጣችሁም።
- ኮምፒውተር፣ ሁለት ፍላሽ፣ ምንጮችን የሚያደራጅ ፕሮግራም። ዞቴሮ የሚባለው በነጻ ይገኛል።
- ከትምህርት ክፍላችሁ የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ። ቃለ መጠይቅ ባታስቡም ቀድማችሁ አውጡት፤ በምትፈልጉት ቀን ፈራሚው ላይገኝ ይችላል።
- አንድ ደብተር። ለዚህ ጥናት ብቻ።

1. ጥያቄውን ከምትኖሩበት ቦታ አውጡ

«የሰብአዊ መብት ጥበቃ በአፍሪካ» ርእስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ጥናት የሚጀምረው አንድ የተወሰነ አንቀጽ አንድን የተወሰነ ነገር ሲነካ ነው። በእኛ አካባቢ ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር ሞልቷል።

ባቡሩንና ወደ ጅቡቲ የሚወርደውን የጭነት መኪና ተመልከቱ። የ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አሥረኛ ክፍል፣ ከአንቀጽ 124 እስከ 132፣ ስለ ባሕር በር አልባ አገሮች የተጻፈ ነው። አንቀጽ 124 «የመጓጓዣ መንገዶች» የሚለውን ሲተረጉም ባቡርንና ተሽከርካሪን ከዘረዘረ በኋላ፣ የአካባቢው ሁኔታ የሚጠይቅ ሲሆን ሸክም ተሸካሚ ሰዎችንና የጭነት እንስሳትን ይጨምራል። የግመል ጭነት ሲያልፍ እያየ ያደገ ተማሪ ይህን ሐረግ ሌላው ከሚያነበው በተለየ ትኩረት ያነበዋል። አንቀጽ 130 ደግሞ የመተላለፊያው አገር በጭነቱ ላይ መዘግየትና ቴክኒካዊ ችግር እንዳይደርስ ተገቢውን እርምጃ ሁሉ እንዲወስድ ይላል። «መዘግየት» ምን ያህል ነው? ማን ይለካዋል? ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው።

ጁገል፣ በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ሌላው ነው። ዩኔስኮ በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የ1972ቱ የዓለም ቅርስ ስምምነት አንቀጽ 4 የመጠበቅን ግዴታ በመንግሥት ላይ ይጥላል፤ አንቀጽ 5 ግን «በተቻለ መጠን» የሚል ማለሳለሻ አለው። አንድ ነዋሪ የአያቱን ባህላዊ ቤት ጣሪያ በቆርቆሮ ቢለውጥ የተጣሰ ዓለም አቀፍ ግዴታ አለ? የማን ግዴታ? የሹዋሊድ በዓልም በ2023 በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የሚመለከተው ግን የ2003ቱ ስምምነት ስለሆነ ሁለቱን አታደባልቁ።

አወዳይ ላይ ጫት ሲጫን አይታችኋል። የ1971ዱ የሥነ አእምሮ ንጥረ ነገሮች ስምምነት በሰንጠረዦቹ የዘረዘረው በቅጠሉ ውስጥ ያሉትን ካቲኖንንና ካቲንን ነው፤ ቅጠሉ ራሱ በስም አልተጠቀሰም። ብሪታንያ በ2014 ጫትን ስታግድ ያደረገችው በራሷ የአገር ውስጥ ሕግ ነው። በንጥረ ነገሩና በተክሉ መካከል ያለው ክፍተት ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል፤ ይተርፋልም።

የመረጣችሁትን ጥያቄ በሦስት ነገር ፈትኑት። የሚጠቀስ አንቀጽ አለው? ግዴታው የማን እንደሆነ ስም መጥራት ይቻላል? መልሱ «አይደለም» ሊሆን ይችላል? ሦስተኛውን ያላለፈ ጥያቄ መልሱ አስቀድሞ የተወሰነ ነውና ጣሉት።

2. በአንድ ገጽ ጻፉት

ጥያቄው፣ አንቀጹ፣ የመጀመሪያ ግምታችሁ፣ ግምታችሁን ሊያፈርስ የሚችል አንድ ነገር። ከዚህ በላይ አትጻፉ። ፕሮፖዛል ከዚህ ገጽ ይወለዳል፤ ገጹ ሳይጠራ የተጻፈ ፕሮፖዛል ግን አማካሪውንም ተማሪውንም ያደክማል።

3. «ኢትዮጵያ በዚህ ስምምነት ታስራለች ወይ?» የሚለውን አጣሩ

ከሁሉም የሚበልጠው እርምጃ ይህ ነው። ተማሪ የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ጥሩ እንግሊዝኛ፣ ጥሩ አደረጃጀትና ብዙ የግርጌ ማስታወሻ ያለው ጽሑፍ አንድ ገምጋሚ «አጽድቃዋለች?» ብሎ ሲጠይቅ ሲፈርስ በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

በደብተራችሁ አምስት መስመር ያለው ሠንጠረዥ ሥሩና እያንዳንዱን በቀን ሙሉት፦

ሀ. መቼ ተፈረመ?
ለ. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቼ አጸደቀው? በየትኛው አዋጅ?
ሐ. የማጽደቂያ ሰነዱ ለስምምነቱ ተረካቢ አካል (የአገሮችን ሰነድ ተቀብሎ ለሚይዘው) መቼ ገባ?
መ. ስምምነቱ ራሱ መቼ በሥራ ላይ ዋለ?
ሠ. ኢትዮጵያ «ይህ አንቀጽ አይመለከተኝም» ብላ ያስመዘገበችው ልዩነት አለ?

«ለ»ን እና «ሐ»ን የምለያቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 12 የማጽደቅን ሥልጣን ለምክር ቤቱ ይሰጣል፤ በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ የጸደቀው ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። ይህ የአገር ውስጡ በር ነው። ለሌሎች አገሮች ግን ምክር ቤቱ እጅ ማውጣቱ አይበቃም፤ አብዛኞቹ የባለብዙ ወገን ስምምነቶች ሰነዱ ለተረካቢው አካል እንዲሰጥ ይጠይቃሉ። ሁለቱ ቀናት በወራት አንዳንዴም በዓመታት ሊራራቁ ስለሚችሉ፣ በመካከል የተፈጸመ ድርጊት ላይ የምትጽፉ ከሆነ መልሳችሁ በየትኛው ቀን እንደቆማችሁ ይወሰናል።

መረጃውን የምታገኙት ከራሱ ከተረካቢው ነው። ለተባበሩት መንግሥታት ስምምነቶች የድርጅቱን የስምምነቶች ስብስብ ድረ ገጽ፣ ለአፍሪካ ኅብረት ስምምነቶች ደግሞ ኅብረቱ የሚያወጣውን የፈራሚዎችና የአጽዳቂዎች ዝርዝር ተመልከቱ። ዜና ላይ «ኢትዮጵያ የፈረመችው ስምምነት» የሚለውን አትመኑ፤ ጋዜጠኛው መፈረምና ማጽደቅን አንድ አድርጎት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ባሕር ሕጉ እንመለስ። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 1982 ፈርማለች፤ አላጸደቀችም። ጅቡቲ በ1991 አጽድቃለች። እንግዲህ የመተላለፍ ነጻነትን የሚሰጠውን አንቀጽ ይዞ «በአንቀጽ 125 መሠረት ኢትዮጵያ መብት አላት» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተሰናክሏል። ጥያቄው ግን አልሞተም፤ እንዲያውም ተሻለ፦ የአንቀጹ ይዘት ልማዳዊ ዓለም አቀፍ ሕግ (አገሮች ግዴታ ነው ብለው በተግባር የሚከተሉት ያልተጻፈ ሕግ) ሆኗል? ወይስ መብቱ የሚገኘው ከሁለትዮሽ ስምምነት ብቻ ነው? ሁኔታው ሊለወጥ ስለሚችል ጽሑፋችሁን በምታስገቡበት ሳምንት ደግማችሁ አጣሩ፤ ያጣራችሁበትንም ቀን በግርጌ ማስታወሻ ጻፉ።

ተመሳሳይ ጥንቃቄ ለ1969ኙ የቪየና የስምምነቶች ሕግ ስምምነት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በ1970 ፈርማ አላጸደቀችውም። ስምምነት እንዴት እንደሚተረጎም የሚደነግገውን አንቀጽ 31ን መጥቀስ ትችላላችሁ፤ ነገር ግን «ልማዳዊ ሕግን የሚያንጸባርቅ እንደመሆኑ» በማለት ነው። ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤትም አንቀጽ 31 እና 32ን በተደጋጋሚ የተቀበላቸው በዚሁ መንገድ ነው።

4. ስምምነቱን ራሱን አንብቡ

ስለ ስምምነቱ የተጻፈ መጣጥፍ አስቀድማችሁ አታንብቡ። የሌላ ሰው መደምደሚያ አንዴ ዓይናችሁ ላይ ከተቀመጠ ቃሉን እንደ አዲስ ማየት ይቸግራል።

አንቀጹን በሦስት ቀለም አስምሩበት፦ ባለግዴታው፣ የግዴታው ዓይነት፣ ማለሳለሻው። አንቀጽ 125ን በዚህ መንገድ ስታነቡ ንዑስ አንቀጽ 1 የመተላለፍ ነጻነትን ሲሰጥ፣ ንዑስ አንቀጽ 2 ዝርዝሩን ለሁለትዮሽና ለአካባቢያዊ ስምምነት ሲተው፣ ንዑስ አንቀጽ 3 ደግሞ የመተላለፊያውን አገር ሉዓላዊነትና ሕጋዊ ጥቅም ሲጠብቅ ታያላችሁ። የመጀመሪያውን ብቻ ጠቅሶ ሁለቱን መተው በዚህ ርእስ ላይ በብዛት የማየው ጉድለት ነው።

የባሕር ሕጉ እኩል ተቀባይነት ያላቸው ስድስት ቋንቋዎች አሉት፤ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ ከእነርሱ መካከል ናቸው። ድሬ ዳዋና ሐረር ውስጥ ከሁለቱ አንዱን በሚገባ የሚያነብ ተማሪ አይጠፋም። እንግሊዝኛው አሻሚ ሲሆንባችሁ ሌላኛውን አመሳክሩ፤ ብዙ ተመራማሪ የሌለው አቅም ነው። የአማርኛ ትርጉም ለመረዳት ይጠቅማል እንጂ ለክርክር ማስረጃ አይሆንም። ለአዋጅ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በነጋሪት ጋዜጣ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቃል ሲለያዩ የበላይነት ያለው አማርኛው ነው።

5. ምንጮችን በቅደም ተከተል ፈልጉ

የዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት መቋቋሚያ ደንብ አንቀጽ 38 ካርታችሁ ነው፦ ስምምነት፣ ልማድ፣ አጠቃላይ የሕግ መርሆዎች፤ ከዚያ በረዳትነት የፍርድ ውሳኔዎችና የሊቃውንት ጽሑፎች። ተማሪ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ይጀምራል፤ መጣጥፍ ለማግኘት ስለሚቀል።

ልማድ አለ የምትሉ ከሆነ ሁለት ነገር ታስረዳላችሁ፦ አገሮች በተግባር እንደሚያደርጉት፣ የሚያደርጉትም ግዴታ ነው ብለው ስለሚያምኑ መሆኑን። የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን በ2018 በዚህ ላይ ያወጣቸው 16 መደምደሚያዎች አጭርና ግልጽ ናቸው፤ ሙሉውን አንብቡ።

ለመተላለፊያ ጥያቄ ሁለት ፍርዶችን አትለፉ። በ1960 ፖርቱጋል ከሕንድ ጋር ባደረገችው የማለፍ መብት ክርክር ፍርድ ቤቱ በሁለት አገሮች መካከል ብቻ የጸና ልማድ ሊኖር እንደሚችል ተቀብሏል፤ መብቱን ግን ለሰላማዊ ሰዎች፣ ለሲቪል ባለሥልጣናትና ለተራ ሸቀጥ ፈቅዶ ለጦር ሠራዊትና ለመሣሪያ ከልክሏል። በ2018 ደግሞ ቦሊቪያ በቺሊ ላይ ባቀረበችው ክስ ቺሊ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ሉዓላዊ መውጫ ለመስጠት የመደራደር ሕጋዊ ግዴታ እንደሌለባት 12 ለ 3 በሆነ ድምፅ ወስኗል። አንዱ ሲያግዛችሁ ሌላው ይገዳደራችኋል፤ ሁለቱም ያስፈልጓችኋል።

6. ፍርድ ሲነበብ ከመጨረሻው ይጀመራል

መጀመሪያ የውሳኔውን ክፍልና የድምፅ ቆጠራውን፣ ቀጥሎ የተከራካሪዎቹን ጥያቄ፣ ከዚያ ትንታኔውን አንብቡ። የልዩነት አስተያየቶች የመጨረሻ ናቸው፤ ለራሳችሁ ክርክር ግን ከሁሉም በላይ የሚመግቡት እነርሱ ናቸው። ለመለማመጃ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 በደቡብ አፍሪካ ላይ የመሠረቱትን የደቡብ ምዕራብ አፍሪካ (የዛሬዋ ናሚቢያ) ክስ ውሰዱ። በ1966 ዳኞቹ 7 ለ 7 ሲከፈሉ ጉዳዩ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ነው የወደቀው። የራሳችን አገር ክርክር በመሆኑ ተማሪዎቼ ከሌላው ሁሉ በላይ በትጋት ያነቡታል።

ስትጠቅሱ የአንቀጽ ቁጥር ስጡ፤ ቁጥር በሌላቸው የቆዩ ፍርዶች ደግሞ ገጹን። ፍርዱ የሚያስረው ተከራካሪዎቹን ብቻ መሆኑንም በመቋቋሚያ ደንቡ አንቀጽ 59 አስታውሱ።

7. ወደ አገር ውስጥ አምጡት

አንቀጽ 9 ስምምነትን የሕጋችን አካል ቢያደርገውም፣ በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣው የማጽደቂያ አዋጅ ብዙውን ጊዜ የስምምነቱን ሙሉ ቃል አይዝም። የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ያጸደቀው አዋጅ ቁጥር 10/1984 ምሳሌ ነው። ያም ሆኖ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 በአንድ ልጅ አስተዳደግ ላይ በተነሣ ክርክር ይህንኑ ስምምነት ጠቅሶ በልጁ ጥቅም ቀዳሚነት ወስኗል። ውሳኔው በሰበር ውሳኔዎች ቅጽ 5 ታትሟል። በምታጠኑት ጉዳይ ላይ እንዲህ ያለ ውሳኔ መኖሩን ፈልጉ። ከሌለም «ፈልጌ አላገኘሁም» ብላችሁ የትኞቹን ቅጾች እንዳያችሁ ጻፉ፤ የሚቀጥለው ተማሪ ከዚያ ይነሣል።

8. ሰው መጠየቅ ካስፈለገ

ሁሉም ጥናት ቃለ መጠይቅ አይፈልግም። የሕግ ትርጓሜ ጥያቄ በቃለ መጠይቅ አይመለስም፤ አሽከርካሪ ስለ አንቀጽ 130 ትርጉም ሊነግራችሁ አይችልም። መዘግየቱ የት፣ ለምን፣ በምን ሰነድ ምክንያት እንደሚደርስ ግን ከእርሱና ከትራንዚተሩ (የጭነቱን የጉምሩክ ጉዳይ ከሚያስፈጽመው) በላይ የሚያውቅ የለም። ስለ ሕጉ ሳይሆን ስለ ሥራው ጠይቁ። በድሬ ዳዋ ሙቀት ቀትር ላይ ሰው አታስቸግሩ፤ ጠዋት ማልዳችሁ ወይም አመሻሽ ላይ ሂዱ።

*ማስጠንቀቂያዎች*

- ጉምሩክ፣ ባቡር ጣቢያና ኬላ ላይ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ፎቶግራፍ አታንሡ። የትብብር ደብዳቤ የፎቶግራፍ ፈቃድ አይደለም።
- ስደተኛን ወይም ተፈናቃይን የምታነጋግሩ ከሆነ ስምና መለያ አትመዝግቡ። በጅግጅጋ አቅጣጫ ወዳሉት መጠለያዎች ለመግባት የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ፈቃድ ያስፈልጋል። ጊዜያችሁ አጭር ከሆነ በሰነድ የሚመለስ ጥያቄ ምረጡ።
- ማንንም ሳታስፈቅዱ ድምፅ አትቅረጹ። ፈቃድ ቢሰጡም ሐሳባቸውን የመለወጥ መብት እንዳላቸው ንገሯቸው።
- የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ የሰጣችሁን የፍርድ ስም፣ የመዝገብ ቁጥር ወይም አንቀጽ ዋናውን ሰነድ በዓይናችሁ ሳታዩ አትጥቀሱ። የሌለ ፍርድ አሳምሮ ይጽፋል፤ እናንተን ደግሞ በትምህርት ማጭበርበር ያስጠይቃችኋል።

9. ጻፉ፤ ተቃራኒውንም ጻፉ

ቅደም ተከተሉ፦ ጥያቄ፣ የአስገዳጅነት ሁኔታ (ከሦስተኛው እርምጃ ሠንጠረዥ)፣ የአንቀጹ ትርጓሜ፣ በጉዳዩ ላይ ያለው አፈጻጸም፣ የተቃራኒው ወገን ክርክር፣ መልሳችሁ። የተቃራኒውን ክርክር የጅቡቲ መንግሥት ጠበቃ ብትሆኑ እንደምትጽፉት ጻፉ። ደካማ ተቃዋሚ ፈጥሮ ማሸነፍ ገምጋሚን አያታልልም። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል በየቀኑ ማታ በሁለቱም ፍላሽ ገልብጡ።

10. ለአንባቢ አውጡት

ጽሑፉን በገምጋሚዎች ፊት ከተከላከላችሁ በኋላ በመደርደሪያ አትተዉት። ወደ ሩብ አሳጥራችሁ ለሕግ መጽሔት ላኩ። የሐረማያ የሕግ መጽሔትና ሚዛን የሕግ መጽሔት በኢንተርኔት በነጻ ይነበባሉ፤ ከመላካችሁ በፊት የጸሐፊዎች መመሪያቸውን አንብቡ። በማታውቁት ኢሜይል «በሦስት ቀን እናትማለን፣ ክፍያ ላኩ» ለሚል መጽሔት ግን መልስ አትስጡ።

የተለመዱ ስሕተቶች

*የዘመን አቆጣጠር።* የስደተኞች አዋጅ በአማርኛ 1110/2011፣ በእንግሊዝኛ 1110/2019 ተብሎ ይጠቀሳል፤ አንድ አዋጅ ነው። እንደ ሁለት ሕግ ቆጥሮ «ተሻሽሏል» ብሎ መጻፍ ያጋጥማል።

*መግለጫን እንደ ስምምነት መቁጠር።* የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ፣ የመግባቢያ ሰነድና ስምምነት የየራሳቸው ክብደት አላቸው። ርእሱን ሳይሆን ቃሉንና የተዋዋዮቹን ፍላጎት ተመልከቱ።

*«መሆን አለበት»ን ከ«ነው» ጋር መቀላቀል።* አገራችንን ስለምንወድ የምንመኘውን እንደ ሕግ የመጻፍ ፈተና አለ። ምኞቱ የምክረ ሐሳብ ክፍል ውስጥ ይግባ።

*ርእስ ማስፋት።* አማካሪያችሁ «አጥብቡት» ሲሏችሁ አገር ትቀንሳላችሁ፤ አንቀጽ ቀንሱ።

መምህር ከሆናችሁ

ተማሪ ዓለም አቀፍ ሕግን የሚሸሸው ከባድ ስለሆነ ሳይሆን መነሻ ስለማያገኝ ነው። በሦስተኛ ዓመት፣ ርእስ ከመመረጡ ከረጅም ጊዜ በፊት፣ የሦስተኛውን እርምጃ ሠንጠረዥ እንደ ቤት ሥራ ስጡ፦ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ስምምነት። በሳምንት አንድ ጊዜ ከአንድ ፍርድ ጥቂት አንቀጾችን በጋራ ጮክ ብላችሁ አንብቡና «ዳኛው ከዚህ ወደዚህ እንዴት ተሻገሩ?» ብላችሁ ጠይቁ። በምስለ ችሎት ውድድር የተሳተፈ ቡድን ያዘጋጀውን የጽሑፍ ክርክር አስቀምጡት፤ ግማሹ ጥናት ተሠርቷል፤ ወደ መመረቂያ ጽሑፍ እንዲያሳድጉት አበረታቱ። ረቂቅ ስትመልሱ ሰዋስው ከማረም በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ኅዳጉ ላይ ጻፉ፤ በቀይ የተሞላ ገጽ ተማሪውን ዝም ያሰኘዋል።

ባለፉት ዓመታት የተሠሩትን ጽሑፎች በትምህርት ክፍሉ ቤተ መጻሕፍት ስታስቀምጡ በእያንዳንዱ ፊት «ያልተመለሱ ጥያቄዎች» የሚል አንድ ገጽ ጸሐፊው ራሱ ጽፎ እንዲያያይዝ አድርጉ። አዲስ ርእስ ፈላጊ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ እነዚያን ገጾች አውጥታችሁ ስጡት።